የእሜቴ አሠልጣኝ

ጉብሬ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ሙሀመድአወል፤ ቡታጅራ፣ ከመስጊዱ በታች።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። እንዴት ሰነበቱ አባዬ? እማዬ ደህና ናት? በርበሬው ተለቅሞ አለቀ ወይስ ማሳው ገና ቀይ ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የጎደለኝ ነገር ቢኖር የእርስዎ ጩኸት ነው። እዚህ የዱር እንስሳት ማሠልጠኛው ውስጥ እንስሳቱ እንዳይደነብሩ ተብሎ ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ስለሚያወራ፣ የእኛን ቤት ለለመደ ሰው መጀመሪያ ሁሉም የታመመ ይመስለዋል።

ደብዳቤ እንጻጻፍ ያሉኝ ጊዜ ስቄብዎት ነበር፤ አፉ ይበሉኝ። በዚህ ዘመን ማን ደብዳቤ ይጽፋል ብዬ ነው። ግን ጆሮዎ ከተደፈነ ወዲህ ስልኩን የምታነሳው እማዬ ናት፤ እሷ ደግሞ ካወራኋት ሁሉ ለእርስዎ የምታደርሰው «ደህና ነኝ ብላለች» የምትለዋን ብቻ ነው። አሁን የሙስተፋ ሚኒባስ ጥሩምባ ከበር ሲሰማ ቦት ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምሮጠው። ሙስተፋ «የአባትሽ ፖስታ ቤት አደረጋችሁኝ» እያለ ያጉረመርማል፤ ደስ እንደሚለው ግን ያስታውቅበታል።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ የደረሰችኝ ጅብ ናት። አይደለም፣ አንድ ቤት አናድርም። ጎረቤታችን ሰይዶ የሚያስወራውን አይመኑት። በእኔና በእሷ መካከል ሁልጊዜ ወፍራም የብረት መረብ አለ፤ በሩም ድርብ ነው። የውጪውን በር ሳይቆልፍ የውስጡን የከፈተ ተማሪ ያንኑ ቀን ሻንጣውን ይዞ ይወጣል፤ ይቅርታ የሚባል ነገር የለም። ትምህርት ስንጀምር ወንበር አጥተን ቆመን የምንማር ነበርን፤ ዛሬ የኋላው ረድፍ ባዶውን ነው። አንዳንዱ በጥፋት ሄደ፣ አንዳንዱ ሽታውን አልቻለም። አንዷ ልጅ የጥንብ አንሳዎቹን ቤት ስታጸዳ ዋለችና ምግብ አልበላ ብሏት ሰንብታ ወደ እናቷ ተመለሰች። እኔ ግን እበላለሁ፤ ለእማዬ ይንገሯት።

ስሟ እሜቴ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ናቸው ያወጡላት። በጅቦች ዘንድ አዛዧ ሴቷ ናት፤ ይቺ ደግሞ ከሁሉም የባሰች ናት። ሽቦ ወጥመድ እግሯን ቆርጧት ነው የመጣችው፤ ስለምታነክስ ወደ ዱር መመለስ አትችልም። የእኔ ሥራ አንገቷን ወደ መረቡ አስጠግታ፣ ጸጥ ብላ ቆማ መርፌ እንድትወጋ ማስለመድ ነው። ሳትታሰር፣ በማደንዘዣ ሳትተኛ፣ በገዛ ፈቃዷ። መምህራችን ጋሽ ሽባባው ታስሮ መርፌ የተወጋ እንስሳ ተሸነፈ እንጂ አልሠለጠነም ይላሉ። መሣሪያችን ፊሽካና ሥጋ ብቻ ነው። ያልኳትን ስታደርግ ፊሽካ እነፋለሁ፤ ፊሽካው «በትክክል አድርገሻል፣ ሥጋሽ መጣ» ማለት ነው። ከዚያ ሥጋዋን እሰጣታለሁ።

ፈተናው ጥር ላይ ነው። ያን ቀን እሜቴን የሚያዛት ግን የሥራ ጥንዴ ግሩም ነው፤ እኔ ደግሞ የእሱን አነር አዛለሁ። እንስሳው የሚታዘዘው ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው የታመመ ቀን ማን ያክመዋል? ስለዚህ እሜቴ ለግሩም እምቢ ካለች የምወድቀው እኔ ነኝ። ግሩም አባቱ ከጎጃም መጥተው ወልቂጤ የሚያስተምሩ ናቸው፤ ረጅም፣ ሳቂታ ልጅ ነው። እማዬ «ማን ነው እሱ?» ብላ እንዳትነሳብኝ አስቀድሜ ነገርኩዎ።

የወደቀ አንድ ጊዜ ይደገምለታል። ሁለተኛ የወደቀ ይሰናበታል። አባዬ፣ እንዲህ ያለ ትምህርት ልማር ብዬ ስነሳ ከዘመድ ሁሉ «ሂጂ» ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነበሩ። አላሳፍርዎትም።

ልጅዎ ሰፍያ


ቡታጅራ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017

አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ ሰፍያ።

ደብዳቤሽን መጀመሪያ ለብቻዬ አነበብኩት። ከዚያ ለእናትሽ አነበብኩላት። ከዚያ ሱቁ በረንዳ ላይ ለተቀመጡት ሁሉ አነበብኩላቸው። ማዶ ያሉት ሳይቀሩ ሰምተዋል አሉኝ፤ እኔ እንዴት ልወቅ፣ ድምፄ ምን ያህል እንደሚወጣ ማወቅ ካቆምኩ ቆየሁ። ጽሕፈቴ ጠማማ ነው፤ ልጅ ሳለሁ በመሠረተ ትምህርት የተማርኩት ነውና ታገሺኝ። ቢሆንም ለሌላ ሰው አላስጽፍም። የራሴን ልጅ የማናግረው በራሴ እጅ ነው።

ኋላ በላክሽው ደብዳቤ እናትሽ በስልክ ድምጿ ለምን ከፋው ብለሽ ጠይቀሻል። ጉንፋን ነው። በርበሬ ስታሰጣ ትውላለች፣ ታስነጥሳለች፣ ድምጿም እንደዚያ ይሆናል። በርበሬውን ገበያ በምን እንደምናወርድም ጠይቀሻል። በጋሪ ነው። ጋሪ ፈጣን ነው፣ ተመስገን። የአህያውን ነገር ተይው፤ እሱ አርጅቶም ነበር። አንቺ ስለ ቤት አታስቢ፣ ስለ ትምህርትሽ አስቢ።

ሰይዶ ምን ይላል ላልሽው፣ ሰይዶ ያው ሰይዶ ነው። «ልጅህ ጅብ ታበላለች አሉ» ይለኛል። አዎ ታበላለች እለዋለሁ። የአንተ ልጅ ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ ገና ራሱን ማብላት አልቻለም፣ የኔዋ ጅብ ታስተምራለች እለዋለሁ። የሰው ከንፈር ማንበብ ስለለመድኩ መልሴ አይዘገይም፤ እንደዚያ ስለው ከንፈሩ ቀጥ ይላል። አንዱ ደግሞ ማን ያገባታል አለ። ጅብ አንገቷን የምትሰጣት ልጅ ባል አጥታ አታድርም አልኩት። በረንዳው በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን የተናገርኩት ከልቤ ነው።

ያ የግሩም አባት ደህና ሰው ከሆኑ ሰላም በይልኝ። እናትሽ «ማን ነው እሱ?» ብላለች፤ ነግረሻት ሳለ መጠየቋ አልቀረም።

ለጥር ፈተናሽ እመጣለሁ። ነጩ ጀለቢያ ታጥቧል።

አባትሽ ሙሀመድአወል


ጉብሬ፣ ጥር 27 ቀን 2017

አባዬ፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ ደህና ነኝ። ፈተናው የሚሰጥበትን ቀን የሰማነው በዋዜማው ስለነበር ልነግርዎ አልቻልኩም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንዴት ሆነ ብለው ለጠየቁኝ፣ ተፈትነናል። የግሩም አነር ለእኔ በደንብ ታዘዘች፤ ግሩምም አልፏል።

እዚህ ብርዱ ጠንቷል። ጉሬዛዎቹ ወልደዋል፤ ሕፃኑ ነጭ ሆኖ ነው የሚወለደው፣ ቢያዩት ደስ ይልዎታል። ግን እባክዎ በዚህ ሰሞን አይምጡ፤ ሥራ በዝቶብናል። ለእማዬ ካልሲው ደርሶኛል ይበሏት።

ሰፍያ


ቡታጅራ፣ የካቲት 2 ቀን 2017

ልጄ፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

የላክሽልኝን ወረቀት ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፤ ቀሪው እዚያ ይኖራል ብዬ ነው። ስለ ጉሬዛ ነገርሽኝ። ስለ ብርድ ነገርሽኝ። ስለ ግሩም ማለፍም ነገርሽኝ፤ እንኳን አለፈ፣ ግን የእኔ ልጅ ግሩም አይደለም። ስለ እሜቴ አንድ ቃል የለም። በፊት ደብዳቤሽ ሁሉ እሜቴ እንዲህ አለች፣ እሜቴ እንዲህ አደረገች ነበር፤ እናትሽ እንኳ «ስለ ሰውም ትጻፍልን» ስትል ነበር።

የተደፈነው ጆሮዬ ነው እንጂ ዓይኔ ያያል። ከሙስተፋ ጋር ምን አውርተሽ እንደሆነም ንገሪኝ፤ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል።

እውነቱን ጻፊልኝ። አልቆጣም። ብቆጣም በወረቀት ነው፣ አይሰማሽም።

አባትሽ


ጉብሬ፣ የካቲት 8 ቀን 2017

አባዬ፣ አፉ ይበሉኝ። ወድቄያለሁ።

ግሩም እንደተማርነው አድርጎ ነው የቀረባት። ቀና ስትልለት ፊሽካውን ሲነፋ እሜቴ እሱን አላየችውም፤ ዞር ብላ እኔን አየች። እኔ ከኋላ፣ መሬት ላይ ከተሰመረው ቢጫ መስመር ውጪ ቆሜያለሁ፤ መናገርም መንቀሳቀስም ክልክል ነው። ደግሞ ነፋ። ይሄኔ ተነስታ ጥጓ ሄደችና ጀርባዋን ሰጥታን ተኛች። ፈታኞቹ ጻፉና ወደሚቀጥለው ሄዱ። እኔ ግሩም ነው ያበላሸው ብዬ አኮረፍኩት፤ ሲያናግረኝ እንኳ አልመልስለትም ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ኋላ ጋሽ ሽባባው እኔና እሜቴ ስንሠራ የቀረጹትን ቪዲዮ ከፍተው አስቀመጡኝ። «እሷን ተያት፣ ጆሮዋን ብቻ እይ» አሉኝ። አየሁ። ጆሮዋ የሚቆመው ፊሽካውን ስነፋ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ነው። እጄ ሥጋው ባልዲ ውስጥ ሲገባ። ድምፁን ከፍ አደረጉትና «ይሄ የሚሰማው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ቢስሚላህ ነው አባዬ።

ለዶሮ ጥሬ ስበትን፣ ለላሟ ድርቆሽ ስሰጥ፣ ቢስሚላህ ሳልል እጄን ከዘረጋሁ «እጅሽን መልሺ» ይሉኝ አልነበር? እዚህም ሥጋ ባነሳሁ ቁጥር በለሆሳስ ብዬዋለሁ። እንደምለው እንኳ አላውቀውም ነበር። አጠገቤ የቆመው ግሩም አልሰማኝም፤ እሜቴ ግን ሰምታለች። ለእሷ ሥጋ መጣ የሚላት ቢስሚላህ ነው፤ ፊሽካው ከንቱ ጩኸት ነው። ግሩም ፊሽካ ነፋላት፤ እሷ የጠበቀችው ሌላ ነው። እኔን ዞራ ያየችኝም «በይው እንጂ» እያለችኝ ነው ለካ።

ግሩም ይህን ሲሰማ ከዚያ ሁሉ ኩርፊያዬ በኋላ ምን አለ መሰልዎ? «የቄስ የልጅ ልጅ ነኝ፤ ለእሜቴ ስል ግን እኔው ቢስሚላህ እላለሁ፣ ይለፍልሽ» አለኝ። ጋሽ ሽባባው ከልባቸው ሳቁና እምቢ አሉ። ነገ እሜቴን የሚይዛት ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ማንም ይዟት ፊሽካው ብቻ ሊበቃት ይገባል አሉ። ልክ ናቸው።

ሌላም አለ። ሙስተፋ አፉን አይጠብቅም። አህያችንን ጅብ እንደበላው ነገረኝ። እርስዎ ጋሪ ፈጣን ነው ብለው ጻፉልኝ፤ እማዬ ጉንፋን ይዟታል አሉኝ። ለዚያ አህያ ስም ያወጣሁለት እኔ ነበርኩ። የሰማሁ ቀን እሜቴ ፊት መቆም አቃተኝ። የበላችው እሷ እንዳልሆነች አውቃለሁ። ግን አቃተኝ፤ ባልዲውን ለግሩም ሰጥቼ ሄድኩ።

አባዬ፣ ፈተናው ሚያዝያ ላይ ይደገማል። እስከዚያ ያስለመድኳትን ሁሉ ማስረሳትና ከዜሮ መጀመር አለብኝ፤ ለዚያ ደግሞ እሷ ባለችበት ቢስሚላህ ማለት የለብኝም። ይህን እንዴት አድርጌ እሺ እላለሁ? ያሳደጉኝን ትቼ፣ ቤታችንን የጎዳ እንስሳ እያባበልኩ ከምኖር፣ መጥቼ በርበሬ ብለቅም አይሻልም? ምን ላድርግ? እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ።

ሰፍያ


ቡታጅራ፣ የካቲት 14 ቀን 2017

ልጄ ሰፍያ፣ አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ቆመሽ የሚነበብ አይደለም።

የቢስሚላህን ነገር እኔ በራሴ አልመለስኩትም። ሸኽ ዑመይር ዘንድ ሄጄ ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። ጅቧ ፊሽካውን ንቃ ቢስሚላህን የጠበቀችበት ላይ ስደርስ መሳቅ ጀመሩና መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህቺ ጅብ ከስንቱ ሰው ትሻላለች» አሉ፤ ከንፈራቸው እየሳቀ ስለነበር አስደገምኳቸው። ከዚያ ረጋ ብለው መለሱልኝ። ቢስሚላህ የምትዪው ለአላህ ነው፤ ለጅቧ አይደለም። እሱ ደግሞ እንደ አባትሽ ደንቆሮ አይደለም፤ በልብሽ ያልሽውን ይሰማል። ከግቢው በር ሳትገቢ በድምፅሽ በይው፤ ከገባሽ በኋላ በልብሽ ያዢው አሉ። ያሳደግንሽን አልተውሽም፤ እንዲያውም እኔ ስንት ዓመት የጮህኩብሽ እንዲህ ደምሽ ውስጥ ይገባል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ደብዳቤሽን ሳነብ አለቀስኩ። ስላልሽው ሳይሆን፣ እንደምትዪው ስለማታውቂው ነው።

አሁን ወደ አህያው። አዎ፣ ጅብ በላው። ያልነገርኩሽ ይሄ እንዳይመጣ ብዬ ነው፤ አሁን እንዳደረግሽው ባልዲ ጥለሽ እንዳትሄጂ። በማግስቱ ሰይዶ መጣ። «ልጅህን ለጅብ ዳርካት፤ አማቾችህ ደግሞ ለመልስ ድግስ መጥተው አህያህን በሉ» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ሰይዶን መልስ አሳጥቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እናትሽም ጉንፋን አልያዛትም፤ ድምጿ የከፋው የእኔን ፊት አይታ ነው።

ግን ልጄ፣ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። በዚህ አገር ጅብ የሚፈራ ሞልቷል። ጅብ የሚረግም ሞልቷል። አህያውን የተበላ ሁሉ ዱላ ይዞ ይወጣል፣ ይሳደባል፣ ይመለሳል፤ ጅቡም በሌላ ቀን ይመለሳል። ጅብ ምን እንደሚያስብ፣ ጆሮው መቼ እንደሚቆም የሚያውቅ ግን ማን አለ? እኔ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም ከእኔ ቤት ነው የወጣችው። ይህን ለሰይዶ ነገርኩት። አልሳቀም።

በርበሬ ልልቀም ያልሽው ደግሞ እንዳይደገም። በርበሬ የሚለቅም ሰው አላጣሁም። ትምህርትሽን ጥለሽ ብትመጪ በሩን አልከፍትልሽም፤ ብታንኳኪም እንደማልሰማ ታውቂያለሽ።

ያን ልጅ ስላኮረፍሽው ይቅርታ ጠይቂው። ለአንቺ ብሎ በማያምንበት ቃል እጠራታለሁ ያለ ሰው አይኮረፍም። እናትሽ እንኳ ይህን ሰምታ «ማን ነው እሱ?» ማለቷን ትታለች።

አባትሽ ሙሀመድአወል


ጉብሬ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017

አባዬ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። እንኳን ለዒድ አደረሳችሁ። ሳልመጣ ዒድ ሲያልፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እንስሳት በዓል አያውቁም፤ ተራው የእኔ ነበር። እማዬ በሙስተፋ የላከችው ደርሶኝ ከጓደኞቼ ጋር በላን፤ ሙስተፋም ድርሻውን ሳይወስድ አልሄደም።

ትታዘዛለች ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ከመጀመሪያው ልንገርዎ። እንዳሉኝ በሩ ላይ ቆሜ በድምፄ ቢስሚላህ እልና እገባለሁ። ዘበኛው መጀመሪያ እሱን የማናግረው መስሎት ግራ ሲገባው ነበር፤ አሁን ለምዶት «አሚን» ይለኛል። ከገባሁ በኋላ አፌን በሻርፔ አስራለሁ። ረመዳን ስለነበር ሌላው ሁሉ «ጾሙ አድክሟት ነው» ይል ነበር። ጾሙስ ደግ ነው፤ ያደከመኝ ዝምታው ነው። የለመደች ምላስ ይህን ያህል እንደምታስቸግር አላውቅም ነበር።

እሜቴም ተቸገረች። እጄ ባልዲው ውስጥ ሲገባ ቀርባ አፌን ታያለች። ትጠብቃለች። ስትጠብቅ ቆይታ ሲጠፋባት ትቆጣለች፤ መረቡን በትከሻዋ ትመታዋለች። በጣም አሳዘነችኝ። ያታለልኳት መሰለኝ። ጋሽ ሽባባው ግን ትዕግሥት ከሌለሽ ባልዲውን አስቀምጪ እንጂ እሷ ላይ አትቸኩይ አሉኝ። ስለዚህ እንደገና ከሀ ጀመርን። መጀመሪያ ምንም ሳናዛት ፊሽካ ነፍተን ሥጋ መስጠት፣ ፊሽካ ነፍተን ሥጋ መስጠት፣ ይኸው ነው። ከዚያ አንድ እርምጃ ስትቀርብ። ከዚያ አንገቷን ስታስጠጋ። አንዳንዴ ጥሩ ሄደች ስንል በማግስቱ ሁሉንም ረስታ ትቀመጣለች።

ግሩምን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። «ምኑን?» አለኝ፤ የረሳ መስሎ። እሱ እኮ አልፏል፤ ከእንግዲህ እሜቴ ዘንድ መምጣት ግዴታው አይደለም። ግን ከሰዓት ሁሉ ይመጣል። አንድ ጊዜ ፊሽካውን ሲነፋ ጆሮዋ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እኔን አላየችኝም፤ እሱን አየችው። ደንግጦ ሥጋውን መስጠት ረስቶት እኔ በእጄ ጠቆምኩት። አባዬ፣ እሷን እያየሁ ቀናሁ። ደስ ብሎኝም ቀናሁ። ሊገባዎት ይችላል።

እርስዎ ከላኩኝ ደብዳቤ በኋላ እሜቴ ፊት መቆም አላቃተኝም። ሰይዶ አልሳቀም ያሉትን ቦታ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ።

አሁን ልለምንዎት። ፈተናው በሚያዝያ ማብቂያ ነው፤ ያን ቀን ሕዝቡም ከአጥሩ ውጪ ሆኖ እንዲያይ ይፈቀዳል። እርስዎ ግን አይምጡ። ከወደቅሁ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የእርስዎን ፊት ማየት አልችልም። ካለፍኩ እኔ ራሴ እመጣለሁ። ይህን እሺ ይበሉኝ።

ልጅዎ ሰፍያ


ቡታጅራ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017

አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ።

ሙስተፋ ፖስታሽን ሲያቀብለኝ ገና ሳልከፍተው «አልፋለች» አልኩት። በምን አወቅህ አለኝ። አንተ መሪህን ያዝ አልኩት። ከዚያ ከፍቼ አነበብኩት፤ እናትሽ እልል ስትል በአፏ አወቅኩ፤ ጎረቤቱም መጣ። ሰይዶም መጣ። እጄን ጨብጦ «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ፤ ከንፈሩን አስደገምኩት። ገብቶኝ ነበር፤ እንዲደግመው ብዬ ነው።

አሁን ለጠየቅሽኝ ልመልስ። ግሩም ከአጥሩ ውጪ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፣ አፉን በኩታ የያዘ ሽማግሌ አየሁ ብሎሻል። አባቴ ሊሆን ይችላል ወይ ብለሽኛል። አፉ በዪኝ ልጄ። እኔ ነኝ።

አይምጡ ማለትሽን አንብቤዋለሁ። ሌሊቱን ተገላብጬ ሳድር እናትሽ «ሂድና ከሩቅ አይተህ ተመለስ» አለችኝ። በሙስተፋ መኪና አልሄድኩም፤ አፉን ታውቂዋለሽ። በሌላ ሚኒባስ ወጣሁ። በሩ ላይ ዘበኛው የማን እንግዳ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። የማንም አይደለሁም፣ እንስሳ ለማየት ነው የመጣሁት አልኩት። ለአንቺ ሄዶ እንዳይነግርሽ ብዬ ነው። የገዛ ልጄን ካድኩና ገባሁ።

ከሰው ኋላ ቆምኩ። አንቺ ቢጫው መስመር ላይ ነበርሽ፣ እጅሽን ከኋላሽ አጣምረሽ። ከስተሻል። ያ ረጅሙ ልጅ ወደ መረቡ ሲቀርብ ጅቧ ከተኛችበት ቀና አለች። ፊሽካ ሲነፋ ጉንጩ ሲሞላ አየሁ እንጂ አልሰማሁም። ሰዉ ሁሉ ጅቧን ነው የሚያየው፤ እኔ ግን የማየው የአንቺን ከንፈር ነው። የሰው ከንፈር ስንት ዓመት አንብቤያለሁ። ያንቺው ገጥሞ ቀረ። እጁ ባልዲው ውስጥ ሲገባ እንኳ አልተነቃነቀም። በልብሽ እንዳልሽው አወቅሁ፤ ዓይንሽ ላይ ነበር።

የቸገረኝ የእኔው አፍ ነው። እጁ ባልዲው ውስጥ ሲገባ እኔም ቢስሚላህ ሊያመልጠኝ ሆነ። ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ድምፄን ታውቂዋለሽ፤ ያቺ ጅብ ደግሞ ቃሉን ታውቀዋለች። የአንቺን ያን ሁሉ ልፋት አባትሽ በአንዲት ቃል ሊያጠፋው! የኩታዬን ጫፍ ጠቅልዬ አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁት። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ያመመኝ መስሏት ውኃ አቀረበችልኝ፤ በእጄ ተይኝ አልኳት።

ከዚያ ጅቧ ተነሳች። እያነከሰች መጣች። እንዲያ ያለ ትልቅ ጅብ በቀን ብርሃን አይቼ አላውቅም። አንገቷን መረቡ ላይ አስጠግታ ቆመች፤ መርፌው ገባ፤ ወጣ፤ እሷ ቆማለች። ሰው ሲያጨበጭብ በእጁ አየሁ። አንቺ ግን አላጨበጨብሽም፤ ሻርፕሽን ፊትሽ ላይ አድርገሽ ጎንበስ አልሽ። ያ ልጅ መጥቶ ትከሻሽን ያዘሽ። መምህርሽም መጡ። እኔም ልመጣ ነበር። ኩታውን ከአፌ አወጣሁ፤ ግን እንባዬ አልቆም አለኝ። ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ሽማግሌ እያለቀሰ ሲመጣ ብታዪ ቤት ሰው የሞተ ይመስልሻል ብዬ ተውኩት።

ቀስ ብዬ ወጣሁ። በሩ ላይ ያው ዘበኛ አስቆመኝ። «እንስሳቱን አዩ አባባ? የቱን ወደዱት?» አለኝ።

«ያቺ ልጅ የእኔ ናት» አልኩት።

እዚያ የምጠነቀቅለት ጅብ አልነበረማ፤ ድምፄን ለቀቅሁት። መንገዱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ሰው የጫነ ባጃጅ ቆመ። ዘበኛው ሁለት እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ሰምቻለሁ አባባ፣ ሰምቻለሁ» ይለኛል፤ ከንፈሩን አይቻለሁ።

ደገምኩለት።

አባትሽ ሙሀመድአወል